ጋላክሲ ታብ ኤስ5ኢ፦ ኦዲን «ፓስ» ይላል፣ ሪከቨሪው ግን የለም

#1 ሽቦ በጥስ

ሰላም ለቤቱ። ታብሌቱ ኤስኤም-ቲ720 ነው፣ ሲም የሌለው ዋይፋይ ብቻ። ከዱባይ የመጣ፣ ሲኤስሲው (የአገር ኮዱ) ኤክስኤስጂ፣ በላዩ ያለው አንድሮይድ 11። ሊኒየጅ ኦኤስ (በሳምሰንጉ ምትክ የሚገባ ነጻ የአንድሮይድ ሲስተም) ልጭንበት ነው።

እስካሁን የተደረገው፦ ኦኢኤም አንሎክ (ቡትሎደር መክፈት የሚፈቅደው ማብሪያ) በርቷል። ዳውንሎድ ሞድ ገብቶ ቮልዩም አፕን ረዘም አድርጌ ይዤ ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተከፍቷል፣ ዳታውም ጠፍቷል። ከዚያ በኦዲን 3.14 (ከኮምፒውተር ወደ ሳምሰንግ ፋይል የሚጽፈው ፕሮግራም) የሊኒየጁን ሪከቨሪ (ሲስተም የሚጫንበት ትንሽ ክፍል) በኤፒ ሳጥን አስገብቼ ስታርት አልኩ። ሎጉ አረንጓዴ «ፓስ» አለ፣ ታብሌቱም ራሱ ተነሳ። ቮልዩም አፕና ፓወር ይዤ ሪከቨሪ ስገባ ግን የመጣው ያው የሳምሰንግ ሪከቨሪ ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። በሦስተኛው የፋይሉን ስም ቀይሬ ብሞክር ቀይ «ፌይል» አለ። የትኛው እርምጃ ነው የተዛባው?

#2 ኮረንቲ 220

ኦቶ ሪቡት። ኦፕሽን የሚለውን ገጽ ክፈትና ምልክቱን አንሳ።

ምክንያቱ ይኸውልህ። የስቶክ ሲስተሙ (ከፋብሪካ የመጣው የሳምሰንጉ) ውስጥ በተነሳ ቁጥር ሪከቨሪውን የሚፈትሽ ትንሽ ስክሪፕት አለ፤ የራሱ ካልሆነ መልሶ የራሱን ይጽፍበታል። ስለዚህ ኦዲን አልዋሸህም፣ ፋይሉ በትክክል ተጽፎ ነበር። ታብሌቱ ወደ ስቶክ እንዲነሳ በተፈቀደለት ደቂቃ ግን ተደምስሷል። ከፍላሽ (ፋይሉ ከተጻፈ) በኋላ የመጀመሪያው አነሳስ የግድ ወደ ሪከቨሪ መሆን አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም።

አያያዙ፦ «ፓስ» ካለ በኋላ ታብሌቱ ዳውንሎድ ሞድ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ኬብሉን አትንቀል። ቮልዩም ዳውንና ፓወርን አንድ ላይ 7 ሰከንድ ያህል ያዝ። ስክሪኑ ጥቁር ሲል፣ ፓወርን ሳትለቅ፣ ጣትህን ከዳውን ወደ አፕ አዛውር። የምታገኘው ጊዜ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ጎን ስለሆኑ ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ፣ አውራ ጣት ፓወር ላይ፣ ሌባ ጣት ቮልዩም ላይ አድርገህ ሞክረው። በእጅህ አንጠልጥለህ ከሞከርከው ሁሌ ይዘገይብሃል። የ«ቡትሎደሩ ክፍት ነው» ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ቶሎ አትልቀቅ፣ የሪከቨሪው አርማ እስኪታይ ያዘው።

#3 ዝም ብሎ አንባቢ

ሦስተኛው ሙከራ «ፌይል» ያለው ለብቻው ሌላ ችግር ነው፣ ከላይኛው ጋር አታምታታው።

ኦዲን ፋይሉን የት እንደሚጽፍ የሚያውቀው ከስሙ ነው። ታብሌቱ ውስጥ ፒት የሚባል የክፍልፋዮች ካርታ አለ፤ ሎጉ ላይ «ጌት ፒት ፎር ማፒንግ» የሚለው ያንን ሲያነብ ነው። ካርታው ለሪከቨሪ ክፍሉ የመዘገበው የፋይል ስም አጭሩ «ሪከቨሪ ነጥብ አይኤምጂ» ብቻ ነው። አውርደህ ያገኘኸው ፋይል ግን የሊኒየጅ ስም፣ የቀን ቁጥርና የመሣሪያ ስም ተቀጥሎበት ይመጣል። ያንን ሳታሳጥር ወደ ታር ብትጠቀልለው ኦዲን ቦታ አያገኝለትም።

አሠራሩ፦ ፋይሉን መጀመሪያ አሳጥረህ ሰይም፣ ከዚያ በሰቨን ዚፕ «ታር» የሚለውን ፎርማት መርጠህ ጠቅልል። ዚፕ አይደለም፣ ታር። ፎልደሩን ሳይሆን ፋይሉን ራሱን። ፎልደር ከጠቀለልክ በውስጡ ያለው መንገድ ስሙ ላይ ይጨመርና እንደገና «ፌይል» ነው። የውጭው የታር ስም ያሻህ ይሁን፣ ኦዲን አያነበውም። የሊኑክስ ሰው ከሆንክ ታር ስትሠራ ፎርማቱን «ዩስታር» በለው።

#4 ኮረንቲ 220

ልክ ነው። ሄይምዳልን (የኦዲንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ፋይሉን ቀጥታ ለክፍሉ ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ለሄይምዳል ብላችሁ በዛዲግ (ድራይቨር መቀየሪያ ፕሮግራም) ድራይቨር ከቀየራችሁ ኦዲን ታብሌቱን ማየት ያቆማል፤ የኮም ሳጥኑ ሰማያዊ አይሆንም፣ «አዲድ» የሚለውም አይመጣም። ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ ያንን ድራይቨር «ደምስስ» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አጥፉት፣ ከዚያ የሳምሰንጉን መልሱ። ኬብል ሲቀያይሩ ውለው ላፕቶፑን የሚራገሙ ሰዎች ግማሾቹ ችግራቸው ይቺ ናት።

#5 ሽቦ በጥስ

የኦቶ ሪቡትን ምልክት አንስቼ፣ ስሙን አሳጥሬ ሞከርኩ። አሁን «ፓስ» ብሎ ቁልፎቹን ስይዝ ሌላ ነገር መጣ፦ ጥቁር ስክሪን ላይ በቀይ ጽሑፍ «ኤረር ቬሪፋይንግ ቪቢሜታ ኢሜጅ»፣ ከዚያ ተመልሶ ዳውንሎድ ሞድ።

#6 ሀበሻ ፍላሸር

ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ሪከቨሪህ ገብቷል ማለት ነው፤ የተቃወመው የበሩ ጠባቂ ነው።

ቪቢሜታ ማለት የሌሎቹን ክፍሎች የጣት አሻራ የያዘች ትንሽ ክፍል ናት። ቡት፣ ሪከቨሪ፣ ሲስተም ሁሉም ልክ እንደተመዘገቡት መሆናቸው የሚመሳከረው በሷ ነው። ቡትሎደር መክፈት ብቻውን ሳምሰንግ ላይ ይህንን ማመሳከር ሁልጊዜ አያስቆመውም። ስለዚህ ማመሳከሪያው የጠፋባት ባዶ ቪቢሜታ ትጻፋለች። ከመሣሪያው የሊኒየጅ ገጽ አውርዳት፣ በኤፒ ሳጥን ለብቻዋ ፍላሽ አድርጋት። ቅደም ተከተሉ ቪቢሜታ መጀመሪያ፣ ሪከቨሪ ቀጥሎ ነው።

ቪቢሜታዋ ከገባች በኋላ ታብሌቱ ወደ ስቶክ ልነሳ ብሎ «ሲስተሙ አልተነበበም፣ ዳታህ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ፋብሪካ ሪሴት አድርግ» ቢልህ አትደንግጥ፣ የሚጠበቅ ነው። ለማንኛውም ዳታው ገና ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም፦ ቡትሎደሩን ከከፈትክ በኋላ፣ ፍላሽ ከመጀመርህ በፊት፣ አንድ ጊዜ ስቶኩን አስነስተህ ኢንተርኔት አገናኝተኸዋል? ዴቨሎፐር ኦፕሽን ገብተህስ ኦኢኤም አንሎክ ደብዝዞ፣ እንደበራ መቆሙን አይተሃል? ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል።

#7 ሽቦ በጥስ

አዎ አይቻለሁ፣ ደብዝዞ እንደበራ ነው። ቪቢሜታን አሁን ላስገባ።

#8 ማሂ ቴክ

በዚሁ ልጠይቅ። እኔ ጋ ያለው ከአሜሪካ የመጣ ቲ727 ነው፣ መጨረሻው ላይ ፊደል አለው። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ኦኢኤም አንሎክ የሚባል ጭራሽ የለም። 7 ቀን ጠብቂ ተብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም።

#9 ሀበሻ ፍላሸር

እህቴ፣ የ7 ቀኑ ነገር ላንቺ አይሠራም። ቲ727 የአሜሪካ ቴሌኮሞች የሚሸጡት ነው፤ ቡትሎደሩን የመክፈት ፈቃድ አልተሰጠውም፣ ቀን ብትቆጥሪለትም አይመጣም። ገንዘብ ተቀብሎ «እከፍተዋለሁ» የሚል ካጋጠመሽ ተይው። ከአሜሪካም ቢሆን ዋይፋይ ብቻ የሆነው ቲ720፣ ሲኤስሲው ኤክስኤአር፣ ይከፈታል። ሰው ሊያመጣልሽ ካሰበ ከመግዛቱ በፊት ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አስነሺው፤ የካርቶኑን ስም ሳይሆን።

7 ቀን የሚባለው ለማን እንደሆነ ለሌሎቹም ይታወቅ። ታብሌቱ ሪሴት ከተደረገ ወይም ፈርምዌሩ (የሳምሰንጉ ሲስተም ጥቅል) ከተቀየረ በኋላ ዳውንሎድ ሞድ ላይ «ኬጂ ስቴት፦ ፕሪኖርማል» ሊል ይችላል። ያኔ ኦኢኤም አንሎክ ይደበቃል፣ ፍላሽ ብታደርጉም «ኦንሊ ኦፊሻል ሪሊዝድ ባይነሪስ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። መፍትሔው ታብሌቱን ኢንተርኔት ላይ አብርቶ 168 ሰዓት መተው ነው። ቀኑን በእጅ ወደ ኋላ የመመለስ ዘዴ አንዳንዱ ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም፤ እኔ አልመክርም።

#10 ጨረቃ ሰፈር

ወንድሞች፣ ለምን ነገሩን ታወሳስቡታላችሁ? ቴሌግራም ላይ የተሻሻለ ቡትሎደር አለ፣ በቢኤል (የኦዲን የቡትሎደር) ሳጥን አስገብቶ መገላገል ነው። ያኔ ቪቢሜታም ምንም አያስፈልግም።

#11 ኮረንቲ 220

ማንም ይህንን እንዳይሞክር። ጽሑፉን ለመሰረዝ አልጠይቅም፣ ግን መልሱ ከሥሩ ይቀመጥ።

የዚህ ታብሌት ፕሮሰሰር ስናፕድራገን 670 ነው። ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ ቺፑ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸ ነው፣ በምንም አይቀየርም። ያ ኮድ ኤክስቢኤል የሚባለውን ይጠራል፣ ኤክስቢኤል ኤቢኤልን ያስነሳል፣ ኤቢኤል ደግሞ ቡቱን ወይም ሪከቨሪውን። የመጀመሪያው ኮድ ኤክስቢኤልን ከመጥራቱ በፊት ፊርማውን ይመረምራል፤ የፊርማው ቁልፍ አሻራ ቺፑ ላይ በተቃጠሉ ፊዩዞች ተጽፏል። እኛ «አንሎክ» የምንለው ኤቢኤል ላይ ያለውን ምርመራ ማላላት ብቻ ነው። ከሱ በላይ ያለው ሰንሰለት እንደተቆለፈ ነው። ኤክስቢኤል ላይ አንዲት ባይት ብትቀየር ቺፑ አልቀበልም ይላል። ያኔ ስክሪኑ አይበራም፣ ንዝረት የለም፣ የቻርጅ ምልክት የለም፤ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው «ኪውዲሎደር 9008» የሚል ፖርት ብቻ ይመጣል። ከዚያ ለማውጣት በሳምሰንግ የተፈረመ፣ ለዚህ ሞዴል የተሠራ ፕሮግራመር ፋይል ያስፈልጋል። እሱ እጅህ ላይ ከሌለ የቀረው ቦርድ መቀየር ነው።

በቢኤል ሳጥን የሚገባው ኦሪጅናሉ፣ የሳምሰንጉ፣ ያልተነካው ብቻ ነው። እሱም ወደ ስቶክ ስትመለስ እንጂ ሊኒየጅ ስትጭን ቢኤል ሳጥኑ ባዶ ነው የሚሆነው።

«የተሻሻለ ቡትሎደር» የሚለው አነጋገር ከድሮ የመጣ ይመስለኛል። 2011 የወጣው ኤችፒ ታችፓድ ላይ ሞቡት የሚባል ነበር፤ ዌብኦኤስና አንድሮይድን የምትመርጥበት ምናሌ። እሱም ቢሆን ኦሪጅናሉን አልተካም፣ ከኦሪጅናሉ በኋላ ነበር የሚነሳው።

#12 ጨረቃ ሰፈር

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ፋይሉን አላወረድኩትም፣ ግሩፑ ላይም እነግራለሁ።

#13 ሽቦ በጥስ

ቪቢሜታ፣ ከዚያ ሪከቨሪ፣ ሁለቱም ያለ ኦቶ ሪቡት። በሦስተኛው የጣት ሙከራ የሊኒየጅ ሪከቨሪ ገባ! አሁን «አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ» ብዬ ላፕቶፑ ላይ ኤዲቢ ሳይድሎድ (ዚፑን ከላፕቶፕ በኬብል የሚጭነው ትእዛዝ) ስጽፍ «ኖ ዲቫይስስ» ይላል። ስቶክ ላይ እያለ ግን ኤዲቢ ይሠራ ነበር።

#14 ዝም ብሎ አንባቢ

ታብሌቱ ሪከቨሪ ውስጥ ሲሆን ለዊንዶውስ ራሱን በሌላ መለያ ነው የሚያስተዋውቀው፣ ስለዚህ የቀድሞው ድራይቨር አይያያዝለትም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ፈልግ፤ በቀኝ ክሊክ ድራይቨር አዘምን፣ «ከኮምፒውተሬ ልምረጥ»፣ ከዝርዝሩ «አንድሮይድ ዲቫይስ»፣ ከዚያ «ኤዲቢ ኢንተርፌስ»። ዊንዶውስ «ይህ ላይስማማ ይችላል» ሲል አዎ በለው።

ከሳይድሎድ በፊት ግን ፎርማት። «ፋክተሪ ሪሴት» ውስጥ «ፎርማት ዳታ» የሚለውን። ስቶኩ ዳታውን በራሱ ቁልፍ ነው ያመሰጠረው፣ ሊኒየጅ ሊፈታው አይችልም። ይህን ዘልለህ ብትጭን አርማው እየዞረ ያድራል፤ ሰዎች «ቡትሉፕ ያዘው» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

#15 ሽቦ በጥስ

ፎርማት አለቀ፣ ድራይቨሩም ተያዘ። ሳይድሎድ ጀመረ፣ ላፕቶፑ ላይ 47 ፐርሰንት ላይ ቆመ። ታብሌቱ ላይ መስመሮች ይሄዳሉ። ልንቀለው?

#16 ሀበሻ ፍላሸር

እንዳትነካው!! 47 የዚህ ሥራ የታወቀ ማቆሚያ ነው። መጨረሻ ላይ ላፕቶፑ «ፌይልድ ቱ ሪድ ኮማንድ፦ ሰክሰስ» ወይም «ኖ ኤረር» ቢል አለቀ ማለት ነው፤ አነጋገሩ ግራ ያጋባል እንጂ ስህተት አይደለም። አንዳንዴ «ቶታል ኤክስፈር 1.00» ብሎ ይጨርሳል። የምታምነው የታብሌቱን ስክሪን ነው፣ ላፕቶፑን አይደለም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ፦ ይህንን ሥራ በዴስክቶፕ አትጀምሩ። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ፣ ታብሌቱ ከግማሽ በላይ ቻርጅ፣ ኬብሉም ፖርቱ ላይ የማይወዛወዝ። ሲስተም ሲጻፍ ቢቋረጥ እንኳ ሪከቨሪው ስላለ እንደገና ይጫናል። በኦዲን የቢኤል ፋይል እየተጻፈ መብራት ሲሄድ ግን ቁጥር 11 ላይ ወደተጻፈው ትሄዳላችሁ።

#17 ሽቦ በጥስ

አለቀ። «ኖ ኤረር» አለ። አሁን ሪቡት ልበለው ወይስ ጉግልን ላስገባ?

#18 ኮረንቲ 220

ጉግል የምትፈልግ ከሆነ አሁን፣ ሳታስነሳው። አንድ ጊዜ ያለ ጉግል ከተነሳ በኋላ ብትጨምረው ፈቃዶቹ ተዛብተው የጉግል ሰርቪስ «ቆሟል» እያለ ያስቸግርሃል፤ ያኔ እንደገና ፎርማት ነው።

ማይንድ ዘ ጋፕስ (የጉግል አፖች ጥቅል)፣ ለኤአርኤም 64 የሆነውን፣ የአንድሮይድ ቁጥሩም ከሊኒየጅህ ጋር የሚገጥመውን። አሁንም አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ፣ ሳይድሎድ። ሪከቨሪው «ፊርማው አልተረጋገጠም፣ ልቀጥል?» ይልሃል። ለጋፕስ «የስ» ነው፣ የሊኒየጅ ፊርማ ስለሌለው። የሊኒየጁ ዚፕ ራሱ ይህን ጥያቄ ካመጣ ግን «ኖ» በልና ያወረድከውን መርምር፤ ወይ ተቆርጦ ወርዷል ወይ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰርቱቲል ባለው ትእዛዝ ሻ 256ቱን (የፋይሉን የጣት አሻራ) አውጥተህ ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያይ።

#19 ዝም ብሎ አንባቢ

በመሃል «አድቫንስድ» ገብቶ ሪከቨሪውን እንደገና ማስነሳት የሚባል ነገርም አለ፣ አይደል?

#20 ኮረንቲ 220

ያ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት የሲስተም ቤቶች ላላቸው መሣሪያዎች ነው፤ አዲሱ ሲስተም ወደ ሌላኛው ቤት ስለሚጻፍ። ኤስ5ኢ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። ተከታትሎ ይጫናል።

#21 ማሂ ቴክ

ቲ727ቱን ትቼ፣ የጓደኛዬ ቲ720 ላይ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድሮይድ 11 አዘገየው ይላልና ወደ 9 ልመልስለት ስል ኦዲን ገና ሲጀምር «ፌይል»፣ ታብሌቱ ላይ ደግሞ «ኤስደብሊው ሬቭ ቼክ ፌይል፣ ዲቫይስ 2፣ ባይነሪ 1»።

#22 ሀበሻ ፍላሸር

ማሂ፣ መልሱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ዲቫይስ 2 ማለት ታብሌቱ ቢት (ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክለው የፈርምዌር ቁጥር) 2 ላይ ደርሷል፣ ባይነሪ 1 ማለት ያመጣሽው ፋይል ቢት 1 ነው። ቢት እኩል ወይም ከፍ ማለት ይችላል፣ መውረድ ፈጽሞ አይችልም፤ እሱም ፊዩዝ ነው።

ሳታወርጂ ለማወቅ የፈርምዌሩን ስም ከመጨረሻው 5 ምልክት ወደ ኋላ ቁጠሪ። ለምሳሌ መጨረሻው «2ሲዩጂ1» ቢሆን፦ 2 ቢቱ ነው። ሲ ዋና ሥሪቱ። ዩ ዓመቱ ነው፤ ኤስ 2019፣ ቲ 2020፣ ዩ 2021፣ ቪ 2022። ጂ ወሩ ነው፣ ኤ ጥር ብለሽ ስትቆጥሪ (በፈረንጁ) 7ኛው፣ ሐምሌ። የመጨረሻው 1 የዚያ ወር ስንተኛ እትም እንደሆነ። ቢቱ 2 የሆነ የአንድሮይድ 9 ፋይል ካላገኘሽ መመለስ የለም። በኢንተርኔት ዳታ ብዙ ጊጋ ከማውረድሽ በፊት ይህችን ቁጥር ብቻ ተመልከቺ።

ፋይሉን በፍሪጃ (የፈርምዌር ማውረጃ ፕሮግራም) ከሳምሰንግ ሰርቨር ቀጥታ አውርጂ፤ ሞዴሉንና ሲኤስሲውን ትጠይቅሻለች። የኤምሬትስ ኤክስኤስጂ፣ የሳዑዲ ኬኤስኤ፣ የጀርመን ዲቢቲ። ዚፑ ሲፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲኤስሲ እና ሆም ሲኤስሲ ይወጣል፤ ሞዴሉ ሲም ካለው ሲፒም። ከሁለቱ ሲኤስሲ አንዱን ብቻ፦ ሆም ያለው ዳታ ያስቀራል፣ ሌላው ያጠፋል። ሥሪት ዝቅ ስታደርጊ ወይም ከሊኒየጅ ስትመለሺ ሆም የሌለውን። ሪ ፓርቲሽን የሚለውን ምልክት አትንኪው። ከ3.13 የቆየ ኦዲን ደግሞ ውስጡ ያሉትን በኤልዜድ4 የታመቁ ፋይሎች አይፈታም፣ «ኢንቫሊድ» ይልሻል።

#23 ሽቦ በጥስ

ተነሳ። ጋፕሱም አለ፣ የጉግል አካውንትም ገባ። አሁን የማይነካ ነገር ካለ ንገሩኝ።

#24 ኮረንቲ 220

ኦኢኤም አንሎክ። ሊኒየጅ ውስጥም ዴቨሎፐር ኦፕሽን ላይ ታየዋለህ፤ «ለደህንነት» ብለህ እንዳታጠፋው። ካጠፋኸው ቀጣዩ አነሳስ ላይ «ከስተም ባይነሪ ብሎክድ ባይ ኤፍአርፒ ሎክ» (በጉግል አካውንት ጥበቃ ተቆልፏል) ነው፣ ሪከቨሪውም አይገባም። ያኔ ያለው መንገድ ሙሉ ስቶክ በኦዲን፣ ከዚያ የገባውን የጉግል አካውንት ማስታወስ፣ ከዚያ ሁሉን እንደገና። ቡትሎደሩን መልሶ መቆለፍም እንዲሁ፦ ሙሉ ስቶክ ላይ ካልሆንክ በቀር አይቆለፍም።

ኖክስ ፊዩዝህ (ታብሌቱ መነካቱን የሚመዘግበው) ተቃጥሏል፣ ስቶክ ብትመልስም ሴኪዩር ፎልደር አይሠራም። ዋስትናውንም ረስተው። የባንክ አፕ በዚህ ታብሌት የምትጠቀም ከሆነ መጀመሪያ አስነስተህ ፈትሸው፤ የመሣሪያውን ሁኔታ የሚመረምር አፕ ከሆነ ላይነሳልህ ይችላል።

የሊኒየጅ ዝማኔ በራሱ አፕዴተር ይመጣል፣ ጋፕሱንም ይዞ ያልፋል፣ ስለዚህ በየወሩ ኬብል አያስፈልግም። ከአንድ ዋና ሥሪት ወደ ቀጣዩ ስትሻገር ግን አዲስ ጋፕስ ስለሚፈልግ በሳይድሎድ።

#25 ጨረቃ ሰፈር

እኔም ልጭን ነው፣ አንድ ጥርጣሬ ብቻ ቀርቶኛል። ኤስ5ኢ ላይ ሊኒየጅ ከገባ በኋላ ዋይፋይ ይቆራረጣል ሲባል ይሰማል። ሮሙ (ሊኒየጁ ራሱ) ነው?

#26 ዝም ብሎ አንባቢ

ሮሙ አይደለም፣ የእጅህ መዳፍ ነው። 2019 ታብሌቱ እንደወጣ ይኸው ጉዳይ በሰፊው ተጽፏል፣ ስቶክ ላይም ያው ነው። ታብሌቱን አግድም ይዘህ የፊት ካሜራው በግራ በኩል ሲሆን፣ የግራ እጅህ መዳፍ የሚያርፍበት የታችኛው ማዕዘን የዋይፋይ አንቴናውን ይሸፍነዋል። ዋይፋይ ሴቲንግ ክፈትና ከራውተሩ አንድ ክፍል ራቅ ብለህ መዳፍህን ማዕዘኑ ላይ አሳርፍ፤ የሲግናል መስመሮቹ ሲወርዱ ታያለህ። አንሳ፣ ይመለሳሉ። ካሜራው በቀኝ እንዲሆን አገላብጠህ ያዘው።